ዲሽ ሳዞር የከረምኩበት 2008

ባለፈው ሰሞን ቡራዩ አንድ ፀጉር ቤት ወረፋ ስጠብቅ ሁለት ጎልማሶች ተከራከሩ። አንዱ፣ በሪዮ ኦሎምፒክ የማራቶን ሯጫችን እጆቹን አጣምሮ ከራሱ በላይ ያነሳው በ2008 ነው አለ። ሌላው የለም በ2009 ነው አለ። ስልካቸውን አወጡ፣ ስልኩ ለአንደኛው ፈረደለት፣ ተሳሳቁና ወደ ኳስ ወሬ ገቡ። እኔ አልሳቅሁም። ያንን ዓመት ለማስታወስ ስልክ አያስፈልገኝም።

ዲሽ ገጣጣሚ ነበርኩ። ነበርኩ የምለው እኔም ሥራውም ስላበቃን ነው። ከጣሪያ ወድቄ ትከሻዬ ከተሰበረ ወዲህ ቀኝ እጄ ከጆሮዬ በላይ አይነሳም። ቢነሳም የሚጠራኝ የለም። ሰው ድራማውንም ኳሱንም ሐዘኑንም መዳፉ ላይ ያያል። ጡረታ ወጣሁ እላለሁ እንጂ ጡረታ የሚከፍለኝ መሥሪያ ቤት የለም። ስለ ገንዘቡ ይኸው ነው፣ ሌላ አልጨምርም።

የዓለምን ዜና ያየሁት በጀርባዬ ነው። ቴሌቪዥኑ ቤት ውስጥ ነው፣ ገጣጣሚው ጣሪያ ላይ ወይም ጓሮ ነው። እሱ ዲሹን በፀጉር ስንጥቅ ያህል ያንቀሳቅሳል፣ ከቤት ውስጥ አንድ ሰው እስክሪኑን እያየ ይጮህለታል። ሥዕሉ ብቅ ሲል «መጣ» ይላል፣ ሲጠፋ «ሄደ» ይላል። የቤቱ ሰው ኦሮሞ ከሆነ ሲመጣ «ዱፌ»፣ ሲሄድ «ዴሜ» ይላል። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ የሥራ ዘመኔን በሙሉ የሰማሁት ይህንኑ ነው። እንጀራዬም ከዚያ ወጣ።

ወደ ሰበታ የመጣሁት ከሆሳዕና ገጠር ነው፣ ፋብሪካ ልቀጠር። ተቀጠርኩ፣ ሸክም ተሸከምኩ፣ ፋብሪካው ሰው ሲቀንስ መጀመሪያ የቀነሰው ፊርማውን በጣቱ የሚያትመውን ነው። ማንበብ አልችልም ነበር። ያኔ ነው ጋሽ ደምሴ ሱቅ በር ላይ የቆምኩት። ጋሽ ደምሴ ከጎንደር መጥተው ሰበታ የቀሩ ሬዲዮ ጠጋኝ ናቸው። ዲሽ አገር ሲገባ ሬዲዮውን ትተው ወደ ዲሽ ገቡ። መሰላል የሚሸከምላቸው ሰው ይፈልጉ ነበርና ያዙኝ።

አንድ ቀን ኮምፓሱን አነሳሁ።

«ማቲዎስ፣ ላዩ ላይ ምን ተጽፏል?» አሉኝ።

«አላውቅም ጋሼ።»

«እንግዲያው አስቀምጠው። የማታውቀውን ነገር አታዙር።»

ሳቁብኝ ብዬ ተናድጄ ሁለት ቀን አልመጣሁም። ከዚያ የማታ ትምህርት ገባሁ። ሠላሳ አምስት ዓመት አልፎኝ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች፣ ከእኔ በፊት አንብባ እኔን «አባባ» እያለች ታርመኝ ነበር። መጀመሪያ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት ነገር የሪሲቨር ካርቶን ነው። ጋሽ ደምሴ ሲሰሙ ኮምፓሱን ከኪሳቸው አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት።

የሰውዬው አሠራር እንዲህ ነበር። አንድ ቤት ሲገቡ መፍቻ አይነኩም። ይቀመጣሉ። «ምን ማየት ነው የምትፈልጉት?» ይላሉ። አባወራው ይመልሳል። «እርስዎስ?» ብለው ወደ እመቤቲቱ ይዞራሉ። ልጆቹንም ይጠይቃሉ። ቋሚውን ብረት ሲሚንቶ ውስጥ ሲተክሉ ውሃ ልኩን በአራቱም ጎን ይለጥፉበታል፣ ቋሚው ከተዛነፈ የሰማዩ ስሌት ሁሉ ተዛነፈ ይላሉና። ኬብሉ በግድግዳው ቀዳዳ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች እንደ ጉትቻ ያንጠለጥሉታል፣ የዝናቡ ውሃ እዚያ ተንጠባጥቦ እንዲቀር፣ ቤት እንዳይገባ። ማያያዣውን በናስትሮ ሦስት ዙር ይጠቀልሉታል። ሥዕሉ ሲመጣም አይሄዱም። ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብለው ያያሉ። «ነፋስ ይምታውና እንይ» ይላሉ።

ሲጨርሱ ከኪሳቸው የሴት የጥፍር ቀለም ያወጣሉ፣ ቀይ። ቡሎኑን ካጠበቁ በኋላ ከዲሹ አንገት ጀምረው ወደ ቋሚው የሚወርድ አንድ ቀጭን መስመር ይስላሉ። ነፋስ ወይም ላም ዲሹን ቢገፋው፣ ባለቤቱ ራሱ የላይኛውን ቀይ ከታችኛው ቀይ ጋር ሲያገጥመው ሥዕሉ ይመለሳል። ሌሎቹ ገጣጣሚዎች በዚህ ይጠሏቸው ነበር። «ሽማግሌው በጥፍር ቀለም እንጀራችንን ዘጋው» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። ዲሹ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚጠራ ሰው ቀረ። እኔም በልቤ እንደ እነሱ ነበርኩ። ግን መስመሩን መሳል ተማርኩ፣ የሳልኩትም መስመር ከእሳቸው አይለይም ነበር።

ወደ 2008 ልምጣ።

አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ በማስተር ፕላን ዙሪያዋን ያሉትን ከተሞች ልትጠቀልል ነው የሚለው ወሬ የቆየ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ግን እሳት ሆነ። ተማሪው ከትምህርት ቤት ወጣ፣ ወጥቶም አልተመለሰም። መንገድ በድንጋይ ይዘጋል፣ ተኩስ ይሰማል፣ ማታ ልቅሶ ይሰማል። ጠዋት በሬዲዮ ሁሉም ነገር ሰላም ነው ይባላል። ያኔ ሰው ሁሉ እኔን ፈለገ። ውጭ አገር ሆነው በኦሮምኛ ዜና የሚያሰራጩ ጣቢያዎች ነበሩ፣ የሚገኙት ግን በሌላ ሳተላይት ነው። የእኛ ሰው ዲሹን ያስተከለው ወደ ዓረቦቹ ሳተላይት ነበር፣ ለፊልምና ለኳስ። «ማቲዎስ፣ ወደዚያኛው አዙርልን» ነበር የሁሉም ነገር። በጥር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። የሞተው ግን አልተነሳም፣ የታሰረውም አልተፈታም፣ ዲሹም አልተመለሰም።

መጋቢት አካባቢ ደግሞ የቱርክ ድራማ በአማርኛ እያወራ መጣ። እሱ የሚታየው በዓረቦቹ በኩል ነው። እንግዲህ አስቡት። ቡራዩ አንድ ቤት ስገባ ባልና ሚስት ተኮራርፈው አገኘኋቸው።

«ሕዝብ እያለቀ የቱርክ ሴትዮ ስታለቅስ ታያለች» አለ ባል።

«የአንተ ዜና እኮ ሬሳ ብቻ ነው» አለች ሚስት። «የቱርኳ ቢያንስ ነገ ትታረቃለች።»

ልጃቸው ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። ያን ዓመት እንግሊዝ አገር ማንም ያልጠበቀው ትንሽ ክለብ ዋንጫ ሊበላ ነበር። እሱን ካላየሁ ቤት አልገባም አለ።

መፍትሔውን ያገኘችው ሚስትየው ናት። በቀዩ መስመር አጠገብ በራሷ የጥፍር ቀለም ሁለተኛ መስመር ጨመረች። አንዱ ለዓረቦቹ፣ ሌላው ለዚያኛው። ቀን ወደ ድራማው፣ ማታ ወደ ዜናው። ለጎረቤት አሳየች። ጎረቤት ለጎረቤት አሳየ። ወር ሳይሞላው ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ የተከልናቸው ቋሚዎች ሁለት ሁለት መስመር አወጡ፣ ሐምራዊ፣ ወርቃማ፣ ቀይ። ሰው ሁሉ የሚያየውን ነገር በር ላይ ጽፎ ለጠፈ ማለት ነው። ማናችንም አላሰብነውም። ጋሽ ደምሴ ሰምተው ደስ ብሏቸው ነበር፣ «ሕዝቡ ሥራ ገባው» አሉ።

ሱሉልታ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ኦቦ ቱፋ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። መሬታቸው ግማሹ ቀድሞ በአጥር ተከቧል። የቀራቸው አንድ ወንድ ልጅ ነበር፣ ለሊሳ። በታኅሣሥ ከተማሪዎቹ ጋር ወጣ፣ ማታ ሊፈልጉት ሲመጡ በጓሮ ዘሎ ሄደ። ሱዳን ደረሰ። ሊቢያ ደረሰ። መጋቢት ላይ ደውሎ «ባሕሩን ልንሻገር ነው፣ ጸልዩልኝ» አለ። በሚያዝያ በስደተኛ የተሞላች ጀልባ ሜዲትራንያን ላይ ሰጠመች። ብዙዎቹ የእኛ አገር ልጆች ነበሩ። የተረፉት ጥቂቶች ግሪክ ደረሱ ተባለ። የማን ልጅ እንደ ተረፈ የሚናገር አልነበረም። የዚያኛው ጣቢያ ግን አልፎ አልፎ ስም ያነባል፣ ፎቶ ያሳያል።

ኦቦ ቱፋ እኔ ወደምኖርበት ቡራዩ ድረስ በእግርና በታክሲ መጥተው አገኙኝ።

«ያ ማቲዎስ» አሉኝ በኦሮምኛ አጠራራቸው፣ «እኔ ዜና አልፈልግም። ፖለቲካ አልፈልግም። የልጄን ፊት አሳየኝ።»

ሄድኩ። ቋሚውን ከቤቱ ጀርባ፣ ቆመው በእጅ የሚደርሱበት ቦታ ላይ ተከልኩ። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ቤት ውስጥ ሆነው «ዱፌ» እያሉ ይነግሩኝ ነበር። ሁለቱንም ሳተላይት አገኘሁ፣ ሁለት ቀይ መስመር ሣልኩ። ቁጭ ብዬም እንደ ጋሽ ደምሴ አብሬ አየሁ። ሥዕሉ ይመጣል፣ ይሰባበራል፣ እንደ ተሰበረ ብርጭቆ ይሆናል። መንግሥት ሞገዱን ከምድር ያፍነዋል ይባል ነበር። አዴ ጫልቱ ፊት በታየ ቁጥር ተነስተው ወደ እስክሪኑ ይጠጋሉ፣ አይተው ተመልሰው ይቀመጣሉ።

ግንቦትና ሰኔ እንዲህ አለፈ። የአገር አቀፉ ፈተና ወጣ፣ ተሰረቀ፣ ተቋረጠ። እንግሊዝ ከአውሮፓ እወጣለሁ ብላ ድምፅ ሰጠች። ሐምሌ እንደ ገባ በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ የፖርቹጋሉ ዝነኛ ተጎድቶ እያለቀሰ ወጣ፣ ያለ እሱ ዋንጫውን በሉ። ያን ማታ ቡራዩ ጭፈራ ነበር። ከጭፈራው ማዶ የልቅሶ ድንኳን ተተክሎ ነበር። ሰዎቹ ከድንኳኑ ተነስተው ኳሱን አይተው ወደ ድንኳኑ ተመለሱ። አልፈርድባቸውም። እኔም እንደዚያው አደረግሁ።

በዚያው በሐምሌ የመስመሩ ትርጉም ለመንግሥት ሰዎች ገባቸው። ማን እንደ ነገራቸው አላውቅም፣ መንገርም አያስፈልገውም ነበር። ከወረዳ የመጡ ሰዎች ከሚሊሻ ጋር ሆነው በየግቢው ገብተው ቋሚ ቋሚውን ያያሉ። አንድ መስመር ያለው ዲሽ ያልፋል። ሁለት መስመር ያለው ይነቀላል፣ ባለቤቱ ይወሰዳል። ሰበታ ላይ ጋሽ ደምሴን ወሰዷቸው። በኋላ ራሳቸው እንደ ነገሩኝ፣

«ይህን ቀለም የጀመረው ማነው?» አሏቸው።

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ሰው ድጋሚ እንዳይከፍለኝ።»

«ከእኛ ጋር ትቀልዳለህ?»

አልቀለዱም ነበር። ሰውዬው በሕይወታቸው የሠሩት ትልቁ ነገር ያ ነበር፣ እሱን ነው የተናገሩት። ሲለቋቸው ጢማቸው አድጎ፣ ሁለቱ የቀኝ እጃቸው ጣቶች አልታጠፍ ብለው ነበር። እንዴት እንደ ሆነ አልነገሩኝም፣ አልጠየቅሁም። መፍቻ መያዝ አልቻሉም። ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ማቲዎስ፣ ከእንግዲህ ለማንም ምልክት አታድርግ።»

የወረዳ ሰዎቹ ኦቦ ቱፋ ቤትም ደርሰው ከዲሹ ፊት ያለውን ሞገድ ተቀባይ፣ ኤልኤንቢውን ነቅለው ወስደዋል። ቋሚው ላይ ያለውን ቀለም በቢላዋ ፍቀዋል። ሽማግሌ ናቸው ብለው እሳቸውን ተዉአቸው። ሌላ ኤልኤንቢ በጎመን ዘንቢል ውስጥ ደብቄ ወሰድኩላቸው። ወደዚያኛው መልሼ አገኘሁላቸው። ምልክት ግን አላደረግሁም።

«መስመሩስ?» አሉኝ ኦቦ ቱፋ።

«መስመር ካለ ይመጡብዎታል።»

«ከሌለ እኔ እንዴት እመልሰዋለሁ?»

«አይንኩት። እንዳለ ይተዉት።»

ምልክቱን ባደርግ ይታሰራሉ። ባላደርግ ዲሹ አንዴ ከዞረ ልጃቸውን የሚያዩበት መንገድ ይጠፋል። የዚያ ዓመት የእኛ ሥራ እንዲህ ነበር፣ ከሁለቱ አንዱን መርጦ መሰላሉን ተሸክሞ መሄድ።

ነሐሴ ውስጥ፣ ኦሎምፒኩ በሚያልቅበት እሑድ፣ ኦቦ ቱፋ ደወሉ። የወረዳ ሰዎች ወደ መንደሩ ሲመጡ አይተው ደንግጠው ዲሹን ወደ ዓረቦቹ አዙረውታል። ሰዎቹ አልፈው ሄዱ። ሊመልሱት ቢሉ አልተመለሰም። «ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግሪክ የደረሱትን ልጆች ያናግሯቸዋል ተባለ» አሉኝ። «ያ ማቲዎስ፣ ድረስልኝ።»

ከቡራዩ ሱሉልታ በደህና ቀን ሩቅ አይደለም። ያን ቀን ፍተሻው ብዙ ነበር፣ ዝናቡም እንጦጦ ላይ አልለቅ ብሎ ነበር። ስደርስ አሥር ሰዓት አልፏል። ዝናብና ጉም ባለበት ቀን ደካማ ሞገድ ፈልጎ ማግኘት ምን እንደ ሆነ ላልሠራው ሰው አልነግረውም። በመጀመሪያ የታወቀውን አገኛለሁ፣ ከእሱ ተነስቼ ወደማይታወቀው እሄዳለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ የዓረቦቹን ያዝኩ። አንድ የስፖርት ጣቢያ መጣ፣ ማራቶኑ ሊያልቅ ነው።

«እዚያ ላይ አቁሙት፣ ልነሣበት» አልኩ።

ከቤት ውስጥ አዴ ጫልቱ ሲያለቅሱ ሰማሁ። ያለቀሱበትን በኋላ ኦቦ ቱፋ ነገሩኝ። ሯጩ ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሯል። ለሊሳ በታኅሣሥ ከተማሪዎቹ ጋር ሲወጣ እናቱ በአጥር ቀዳዳ ያዩት እንዲሁ አጣምሮ ነው። ዓለም ሁሉ ያየውን ያንን ሥዕል እኔ አላየሁም። ዲሹ ጀርባ ቆሜ ዝናብ ይወርድብኝ ነበር።

ከዚያ ማዞር ጀመርኩ። ኦቦ ቱፋ በሩ ላይ ቆመው ወደ ውስጥም ወደ እኔም ያያሉ።

«ዱፌ» አሉ።

እጄን አቆምኩ።

«ዴሜ።»

መለስኩት። ትንሽ ከፍ አደረግሁት፣ ትንሽ ዝቅ። ቡሎኑን አላላሁ፣ አጠበቅሁ። የጋሽ ደምሴ መስመር ቢኖር ኖሮ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። የተፋቀውን ብረት በጣቴ ዳሰስኩት፣ ቢላዋው የተወው ጭረት እንኳ የቱ ጋ እንደ ነበር አይለይም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ፣ አለፈ። ኦቦ ቱፋ መጣም ሄደም ማለት አቆሙ። መጨረሻ ላይ ወጥተው ኮታቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው «በቃ ግባ፣ ትታመማለህ» አሉኝ። ዝናቡ ይሁን፣ ማፈኑ ይሁን፣ እጄ ይሁን እስካሁን አላውቅም። ብዙ ዲሽ ተክያለሁ፣ ያልመጣልኝ እሱ ነው።

በማግስቱ አንድ የቡራዩ ደንበኛዬን አገኘሁት። እሱ ዘንድ ጥርት ብሎ መጥቶ ነበር። «ካናገሯቸው ልጆች አንዱ አገሬ ሱሉልታ ነው ሲል ሰማሁ» አለኝ። ስሙን አልያዘውም፣ ሕፃን እያለቀሰበት ነበር።

ለኦቦ ቱፋ ሄጄ ነገርኳቸው። ብዙ ሰው፣ ባለቤቴም ጭምር፣ ለምን ነገርካቸው ብለውኛል። ምን ልበል? የሰማሁትን ነገርኩ። ሱሉልታ ስንት ልጅ ልኳል፣ እሱንም ነገርኳቸው። እሳቸው የሰሙት ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

«ቁመቱስ?» አሉኝ።

«ተቀምጦ ነበር አሉ።»

«ረጅም ነው እኮ» አሉ። «ቢቆም ይታወቅ ነበር።»

ለሊሳ አልደወለም። በዚያ ዓመት አልደወለም፣ ከዚያም ወዲህ አልደወለም። ጋሽ ደምሴ ሲሞቱ ሰበታ ቀበርናቸው፣ ጣቶቻቸው ሳይታጠፉ። አዴ ጫልቱም አረፉ። በኋላ ዘመን ተለወጠ ተባለ፣ የተከለከለው ጣቢያ አገር ገባ፣ በየሻይ ቤቱ በግልጽ ይታይ ጀመር። ያኔ የታሰሩበት ሰዎች አሁን ድምፁን ቀንሰው ካርታ ይጫወቱበታል። በዚያ ቴሌቪዥን ውስጥ የነበረው ነገር ምን እንዳስከፈለ የሚያስታውስ የለም። በፀጉር ቤት ቢከራከሩ ስለ ዓመተ ምሕረቱ ነው።

ከፀጉር ቤቱ ወጥቼ በማግስቱ ሱሉልታ ሄድኩ። ኦቦ ቱፋ አሉ፣ ጎብጠዋል፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። ከጓሮው ፊት ለፊት ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሞ ዲሹ የሚያይበትን ሰማይ ጋርዶታል። ዲሹ ዝጓል። ቋሚው ዙሪያ ያለው መሬት በእግር ተደቅድቆ ሣር አያበቅልም።

«አሁንም ያዞሩታል?» አልኳቸው።

«ያንን ፕሮግራም ይደግሙት ይሆናል» አሉ። «ብቻዬን ስሆን ግን ማን ያይልኛል? አዙሬ እሮጣለሁ፣ እስክደርስ ይሄዳል። አንተ ግባና እይልኝ። ማንበብም ትችላለህ።»

ሕንፃውን አሳይቼ እንደማይሆን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ወደ ዲሹ ሄደው ቆመዋል፣ ሁለት እጃቸውን በጠርዙ ላይ አድርገው፣ እኔ ባሳየኋቸው አያያዝ። ገባሁ። አዴ ጫልቱ ይቀመጡበት የነበረው ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። እስክሪኑ ሰማያዊ ነው፣ መሐሉ ላይ በእንግሊዝኛ «ምልክት የለም» ይላል። ሠላሳ አምስት ዓመት አልፎኝ የተማርኩት ንባብ እሱን ለማንበብ በቃኝ።

ከጓሮ ድምፃቸው መጣ።

«ዱፌ?»

«ሂንዱፍኔ» አልኳቸው። አልመጣም።

ደግሞ አዞሩት።